የኔ ነው ያልኩት ገንዘብ

ሰውዬው መጀመሪያ የደወለልኝ ቀን ሳን ሆዜ በምሠራበት ሆቴል ስድስተኛ ፎቅ ላይ አልጋ እያነጠፍኩ ነበር። በሥራ ሰዓት ስልክ አላነሳም። በላይ በላዩ ሦስት ጊዜ ሲጠራ ግን የሞተ ሰው ያለ መሰለኝ፤ እኔ ዘንድ እንዲህ የሚደወለው ሰው ሲሞት ነው፣ ምክንያቱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ። አንሶላውን እንደታቀፍኩ የፎጣ ክፍሉ ውስጥ ገብቼ በሩን ዘጋሁና አነሳሁት።

ድምፁ የወጣት ነው፤ ጨዋም ነው። ስሜን ከነአባቴ ጠርቶ እኔ መሆኔን አረጋገጠ፣ ንግግራችን እንደሚቀዳ ነገረኝ፣ ከዚያ ዕዳ ሰብሳቢ መሆኑን ተናገረ። ከአሥር ዓመት በፊት ገደማ ከመንግሥት የተቀበልኩት የድጎማ ገንዘብ አይገባኝም ነበር አለ። ሦስት ሺህ አራት መቶ ዶላር እንድመልስ በደብዳቤ ተጠይቄ መልስ ስላልሰጠሁ፣ መሥሪያ ቤቱ ጉዳዩን ለእነሱ ድርጅት አስተላልፎታል።

«ተሳስተሃል» አልኩት፤ «እኔ የማንም ዕዳ የለብኝም።»

«ፋይሉ ላይ ያላሳወቁት ሰባት ሺህ ሁለት መቶ ዶላር በባንክ እንደነበረዎት ተጽፏል» አለኝ። «የማን ነው ተብለው ሲጠየቁም የኔ ነው ብለዋል። ፊርማዎ አለ።»

የፎጣው ክምር ላይ ቁጭ አልኩ። ያንን ቁጥር እስክሞት አልረሳውም። የኔ ነው ብያለሁ፣ እውነቱን ነው። ገንዘቡ ግን የኔ አልነበረም። ስልኩን ዘጋሁት፣ ተነሣሁ፣ አልጋዬን ጨረስኩ። ያን ቀን ካነጠፍኳቸው አልጋዎች ተቆጣጣሪዋ አንዱንም «ድገሚው» አላለችኝም፤ ይህን የምነግራችሁ ልመካ ብዬ ነው።

አዎ፣ እመካለሁ። ሰው ስለራሱ ሲያወራ ትሑት መምሰል ይወዳል፤ እኔ አልችልበትም። ደሴ ተወልጄ ያደግኩ፣ ኦክላንድ ውስጥ ልጄን ብቻዬን አሳድጌ ኮሌጅ ያስጨረስኩ ሴት ነኝ። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ስንቱን ሰው የተኛበትን አልጋ ገልጬ ስንቱን ነገር አገኘሁ፤ ሰዓት፣ ቀለበት፣ አንድ ጊዜማ ፖስታ ሙሉ ገንዘብ። አንድም ቀን የሰው ነገር እጄ ላይ አላደረም። ወላሂ የምኮራው በዚህ ነው። በሌላው ብዙም የምኮራበት ነገር የለኝም፤ ወገቤ ተበላሽቷል፣ እንግሊዝኛዬም ከሆቴሉ ኮሪደር አልፎ አልሄደም።

አሁን ስልኩ ሲጮህ የሞተ ሰው ያለ የመሰለኝ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። እዚህ ያለን የወሎ ሰዎች ቅሬ አለን። ሌላው እድር የሚለውን እኛ ቅሬ ነው የምንለው፤ በየወሩ እናዋጣለን፣ ሰው ሲሞትብን እንቀብራለን ወይም አስከሬኑን አገር ቤት እንሸኛለን። እስላሙም ክርስቲያኑም ያው አንድ ቅሬ ውስጥ ነው፤ አገር ቤትም እንደዚያ ነበር፣ እዚህም ሌላ ዓይነት ቅሬ አናውቅም። በየወሩ የመጀመሪያው እሑድ ጠዋት ኦክላንድ ቴሜስካል ሰፈር ካለ አንድ ምግብ ቤት የኋላ ክፍል፣ ገበያ ሳይገባ እንሰበሰባለን። ሃያ ሃያ ዶላራችንን እንከፍላለን፣ እንጨቃጨቃለን፣ እንበተናለን። ገንዘብ ያዧ እኔ ነኝ። አሁን ቅሬው በራሱ ስም፣ ሦስት ሰው የሚፈርምበት የባንክ ሂሳብ አለው። ያኔ ግን የባንኩ ሂሳብ የኔው ነበር።

ከአሥር ዓመት በፊት መሆኑ ነው፤ አንድ ታክሲ ነጂ ሞተብን። ሳቂታ፣ ቤቱ መጥተህ ሳትበላ የማትወጣ ዓይነት፣ ገንዘብ ግን እጁ ላይ የማይቆይለት ሰው ነበር። ፍሪሞንት አጠገብ ፍሪዌይ ላይ ልቡ ቀጥ አለች፤ መኪናውን ዳር አስይዞ ነው የሞተው፣ ሰው አልጎዳም። ሚስቱ ሁለት ትንንሽ ልጆች ይዛ ሳን ሆዜ ቀረች። ደብተሩን ስገልጥ ሟቹ ሁለት ዓመት ሙሉ አልከፈለም። በደንባችን ስድስት ወር ያልከፈለ ይሰረዛል፤ እሱም ተሰርዟል። ሚስቱ ይህን ታውቃለች።

«ቅሬ ያልከፈለ ሰው በሰው መዋጮ አይሸኝም» አለች፣ ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ እየሰማ። «እዚሁ ቅበሩልኝ።»

እናቱ ደግሞ አገር ቤት ሆነው ልጄን አምጡልኝ ይላሉ። ስልካቸው አያቋርጥም። የቅሬያችን ሰብሳቢ፣ ከፓርኪንግ ሥራ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው፣ ደረጃው ላይ ለብቻዬ ጠሩኝ።

«ባልሽ እኔ ጋ ያስቀመጠው ገንዘብ አለ በያት» አሉኝ።

«ውሸት ነዋ፣ ጋሼ።»

«ውሸት ነው። እኔ ብናገረው አታምነኝም። አንቺን ግን ታምንሻለች።»

በአንድ ሳምንት ከቴሜስካል እስከ ሳኒቬል ድረስ የምናውቀውን ሰው ሁሉ ዞረን ሰበሰብን። ታክሲ ነጂው፣ ወጥ ቤት ያለው፣ ፓርኪንግ የሚሠራው፣ አረጋዊ የምትጠብቀው። ሰባት ሺህ ሁለት መቶ ዶላር ሆነ። ቀብር አስፈጻሚው ጥሬ ገንዘብ አልቀበልም ስላለ ባንክ ሂሳቤ ውስጥ አስገባሁት። የአስከሬኑ ወረቀት እስኪያልቅ ሦስት ሳምንት እዚያ ተቀመጠ።

ለሚስቱ እኔው ነገርኳት። ፍራሹ ላይ አጠገቧ ተቀምጬ «ባልሽ እኔ ጋ አማና ያስቀመጠው ገንዘብ አለ፣ ለመሸኛው ይበቃል፣ አብሽሪ» አልኳት። አየችኝ። ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ ጭና ፊቷን አዞረች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። አቀፍኳትና አብሬያት አለቀስኩ። ውሸቴን በደንብ በመዋሸቴ ያን ቀንም ኮርቼ ነበር፣ አልደብቃችሁም።

እንግዲህ የኔን ጣጣ ያመጣው ይሄ ነው። በዚያ ሰሞን ሥራ ላይ አልነበርኩም። ፍራሽ ሳነሳ ወገቤ ተጎድቶ ስምንት ወር ቤት ቁጭ ብያለሁ፤ ልጄ የአሥራ ስድስት ዓመት ናት፤ የምንኖረው በመንግሥት ድጎማ ነው። ድጎማ የሚቀበል ሰው ባንክ ውስጥ ከተወሰነ ገንዘብ በላይ ሊኖረው አይገባም። ይህን ነግረውኛል፣ በአስተርጓሚ፣ ሁለት ጊዜ። ገንዘቡ የኔ ስላልሆነ ግን ነገሩ እኔን ይመለከታል ብዬ በሐሳቤም አልመጣ። የሰው አማና ይዞ ሀብታም የሆነ ሰው የት ታይቶ ያውቃል?

መሥሪያ ቤቱ ለምርመራ ጠራኝ። ጉዳዬን የያዘችው ሴት የባንኩን ወረቀት በእስክርቢቶዋ መታ መታ አድርጋ «ይሄ የማን ነው?» አለችኝ። ልጄ ትምህርት ቤት ነበረች፤ አብራኝ ብትኖር እሷ ትመልስልኝና ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ብቻዬን አሰብኩ። የሰው ነው ብላት የማን ትለኛለች። የሟች መሸኛ ነው ብላት ለቤተሰቡ ደውዬ ልጠይቅ ትላለች። ያቺ ሴት ደግሞ ለቅሶ ላይ ተቀምጣለች፣ ገንዘቡ የባሏ መስሏታል።

«የኔ ነው» አልኳት። ፈርሚ አለችኝ፣ ፈረምኩ።

አስከሬኑ በሳምንቱ ተሸኘ። የኔም ድጎማ ተቋረጠ፤ ወገቤ ሳይሻለው ሥራ ገባሁ። ኪራይ ስለከበደን ቤት ቀየርን፣ ደብዳቤዎቻቸው የድሮው ቤት ሄደው ቀሩ። ሚስትየዋ ከአርባው በኋላ ቅሬያችን መጥታ በራሷ ስም ተመዘገበች። የመጀመሪያውን ወር ስትከፍል ሰባ ዶላር ሰጠችኝ።

«ሃያው የወሩ ነው፤ ሃምሳውን ለብቻው ያዢልኝ።»

«ለምን?» አልኳት።

«ያዢልኝ ብቻ።»

ለተዝካሩ መሰለኝ። ደብተሬ ላይ ለብቻው መስመር አስምሬ «የተዝካር» ብዬ ጻፍኩ። በሚቀጥለውም ወር ሰባ ሰጠችኝ። የዓመቱም ተዝካር አለፈ፣ የሰባት ዓመቱም አለፈ፣ ከዚያ ገንዘብ ስጪኝ ብላኝ አታውቅም፤ መስጠቱንም አላቆመችም። ሰው ለምን አረፈደ ብዬ የምመረምር ሴት ያንን አንዴም አልጠየቅኩም። የሐዘን ነገር ነው፣ ይተው ብዬ ነው።

ዕዳ ሰብሳቢው ግን አይተውም። በየሁለት ቀኑ ይደውላል። ስድብ የለውም፣ ማስፈራራት የለውም፤ ጨዋነቱ ነው ያናደደኝ፣ ቢሳደብ መልስ ነበረኝ። በሁለተኛው ሳምንት «ጥሩ ዜና አለኝ» አለ። ግማሹን፣ አንድ ሺህ ሰባት መቶ ዶላር፣ እስከ ወሩ ሁለተኛ ዓርብ ከከፈልኩ ፋይሉ ይዘጋል። ገንዘቡ ነበረኝ። ለአዲስ ፍራሽ ያጠራቀምኩት ነው፤ የሰው ፍራሽ ሳገላብጥ ኖሬ የራሴ መሀሉ ሰምጧል።

ልጄን ቅዳሜ ስትመጣ ነገርኳት። ሳኒቬል ቢሮ ነው የምትሠራው፤ አማርኛ ሁሉንም ትሰማለች፣ መመለስ ላይ ግን ትሰንፋለች። የፋይሉን ቅጂ አስልካ ወጥ ቤት ቆማ አነበበችው። አንብባ ስትጨርስ ፊቷ ተለዋወጠ።

«ማም፣ ፍሮድ ይላል።»

«ምን ማለት ነው?»

የአማርኛው ቃል አልመጣላትም፤ ስልኳ ላይ ፈልጋ አሳየችኝ። ማጭበርበር። ስሜ አለ፣ የአባቴ ስም አለ፣ ከጎኑ ያ ቃል አለ። አባቴ ደሴ ገበያ እህል እየሰፈረ የኖረ ሰው ነው፤ ቁናውን ሞልቶ በላዩ ጭብጥ ይጨምር ነበር። ወረቀቱን ገልብጬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«ግማሹን ከፍዬ ይዘጋ።»

«ከፈልሽ ማለት አዎ አድርጌዋለሁ አልሽ ማለት ነው» አለች፣ አሁን በአማርኛ፣ ቀስ ብላ። ያለ ክፍያ ድሃ የምትረዳ ጠበቃ አገኘችልኝ። ጠበቃዋም በስልክ እንዲህ አለችን፤ ደብዳቤው ስላልደረሰዎት ጉዳዩ እንደገና ይታያል፣ ሂሪንግ የሚሉት ችሎት ይጠየቃል፣ ዳኛዋ በስልክ ትሰማለች፤ ግን ገንዘቡ የሌላ ሰው እንደነበር፣ ለማን እንደዋለም የሚመሰክር ሰው ያስፈልጋል፤ የቀብር አስፈጻሚውን ደረሰኝ የያዘችው ሚስትየዋ ናት፣ ያለሷ አይሆንም።

«እሷን ሳንጠራ አይቻልም?» አልኩ።

«ያለሷ የሚቀረው የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነው» አለችኝ።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ከልጄ ጋር ተጣላን። እሷ «ጀስት ኮል ኸር» ትላለች፣ ደውይላት ማለቷ ነው፣ እኔ አይሆንም እላለሁ። ባልሽ ምንም አላስቀመጠም፣ እንደተሰረዘ ሰው በልመና ነው የሸኘነው ብዬ ከአሥር ዓመት በኋላ ልንገራት? ልጆቿ አድገዋል፤ አባታቸው መሸኛውን ራሱ አስቀምጦ እንደሞተ ነው የሚያውቁት። ተናድጄ ድምፄን ከፍ አደረግኩ፣ ልጄም ቦርሳዋን ይዛ ወጣች። ሁለቱም መንገድ ያዋርዳል፤ አንደኛው የሚያዋርደው እኔን ብቻ ስለሆነ እሱን መረጥኩ።

ከመክፈሌ በፊት ግን አንድ ሥራ ነበረብኝ። ስሟ አጠገብ ማጭበርበር የሚል የተጻፈባት ሴት የቅሬ ገንዘብ አትይዝም። በማግሥቱ እሑድ ስብሰባችን ነበር። ሚስትየዋ እንደ ሁልጊዜው ሰባ ዶላሯን ሰጥታ ሥራ ልትገባ እስክትወጣ ጠበቅኩ። ከዚያ ደብተሩን፣ የቼክ መጻፊያውንና ማኅተሙን የያዘውን ቦርሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ነገሩን ከነቃሉ ነገርኳቸው። ከወጥ ቤት ሽንኩርት ሲከተፍ ይሰማል።

አንዱ ኪሱ ገባ። ሌላውም ኪሱ ገባ። ሰብሳቢው ባርኔጣቸውን ገልብጠው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«ይሄማ ዛሬውኑ ይሰበሰባል» አሉ።

«አይሰበሰብም» አልኩ። «ቅሬ ለሞተ ነው። እኔ አልሞትኩም።»

«እልኸኛ ነሽ።»

«ነኝ፣ ጋሼ። ባርኔጣዎን ያድርጉ። ቦርሳውን ለሌላ ሰው ስጡ።»

ማንም አልነካውም። ሰብሳቢው ለአንዱ ሲያቀብሉት፣ ለሌላው ሲያሳዩት፣ ሁሉም እጁን ወደ ኋላ ይላል። በመጨረሻ ሰብሳቢው ቦርሳውን ወደኔ ገፉትና «የሚቀጥለው ሰው እስኪገኝ አንቺው ያዢው» አሉ። አሥራ ምናምን ዓመት ሲፈልጉ ያላገኙት ሰው በሳምንት እንደማይገኝ እሳቸውም ያውቃሉ። በባቡር ወደ ቤቴ ስመለስ ቦርሳው ጭኔ ላይ ከበደኝ።

ረቡዕ ከሥራ ስገባ ልጄ ቤቴ ቁጭ ብላለች፣ አጠገቧ ሚስትየዋ አለች። የሥራ ልብሷን አልቀየረችም፤ ሳኒቬል አንድ ቢሮ ካፊቴሪያ ነው የምትሠራው፣ የስም መታወቂያው ደረቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ልጄ አየችኝና ዓይኗን ሰበረች። ምን እንዳደረገች ገባኝ። ደሜ ፈላ።

«ልጅሽን አትቆጪ» አለችኝ ሚስትየዋ፣ እኔ ሳልቀመጥ።

«ምን ነገረችሽ?»

«የማላውቀውን ነገር አልነገረችኝም።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«አንቺ ሴት» አለችኝ፣ «ከባሌ ጋር እኮ አሥራ አንድ ዓመት ኖሬያለሁ። ሃያ ዶላር ኪሱ ውስጥ አድራለት አታውቅም። አንቺ መጥተሽ፣ ፊትሽን አኮሳትረሽ፣ ለመሸኛው የሚበቃ ገንዘብ አስቀምጧል ስትዪኝ ሳቄ መጣ። በለቅሶ መሀል! ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጠቀጠቅኩት። አንቺ ደግሞ አቅፈሽኝ ታለቅሻለሽ።»

ያ ትከሻ ትዝ አለኝ። አሥር ዓመት ሙሉ ለቅሶ ነበር የመሰለኝ።

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ምን ልበል? እናቱ ልጃቸውን ይጠብቃሉ። እኔ ደግሞ በሰው ፊት በመዋጮ አይሸኝም ብዬ ምያለሁ። መውጫ በር ስትከፍቺልኝ ልዝጋው? ወጣሁበት።»

ከቦርሳዋ ፕላስቲክ ማኅደር አወጣች። የቀብር አስፈጻሚው ደረሰኝ አለ፤ ሰባት ሺህ ሁለት መቶ ዶላር፣ ከኔ ሂሳብ የተከፈለ፣ ከሥሩ የባሏ ስም። ከደረሰኙ ኋላ ከልጆቿ ደብተር የተቀደደ ወረቀት ነበር። ወረቀቱ ላይ በየወሩ አንድ አንድ ጭረት አለ፤ አምስት አምስት እየሆነ ታስሯል።

«ሃምሳውን ለምን እንደምሰጥሽ አንድ ቀን እንኳ ጠይቀሽኛል?»

«ለተዝካሩ መስሎኝ።»

«አሥር ዓመት የሚደገስ ተዝካር?» አለችና አሁን በግልጽ ሳቀች። «እየመለስኩ ነው። ዘጠኝ ዓመት ከስምንት ወር ሆነኝ። አንድ ሺህ አራት መቶ ይቀረኛል።»

ደብተሬን አውጥቼ የተዝካር ያልኩትን መስመር ደመርኩት። አምስት ሺህ ስምንት መቶ። ከጭረቷ ጋር አንድም ወር አይለያይም። እኔ ለእሷ ክብር ብዬ የዋሸሁት መስሎኝ ስኮራ፣ እሷ ለኔ ክብር ብላ የዋሸሁትን ስታምንልኝ ኖራለች፤ በዚያ ላይ የማንም ዕዳ ያልሆነውን ዕዳ ከካፊቴሪያ ደመወዟ ትከፍላለች። እዚያው ወንበሩ ላይ አለቀስኩ። ልጄ ውኃ አመጣችልኝ፤ ላልቆጣት የወሰንኩት ያኔ ነው።

ዓርብ ዕዳ ሰብሳቢው ወጣት ደወለ። «አልከፍልም» አልኩት። «ግማሹንም ሩቡንም። ዳኛ ይየው።» እሱም ጨዋ ነውና «መብትዎ ነው» አለኝ።

ሂሪንጉ ከአንድ ወር ተኩል በኋላ ሆነ። እኔ፣ ልጄና ሚስትየዋ ወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጥን፣ ስልኩን መሀል አድርገን። እኔ የበዓል ቀሚሴን ለብሻለሁ፤ ልጄ በስልክ አትታዪም ብትለኝም። ዳኛዋ ሴት ናት፣ አስተርጓሚው የሚያመነታ ወንድ። አስቀድመን የላክንላትን የደረሰኙንና የደብተሩን ቅጂ አየች፣ ከዚያ እኔን ጠየቀችኝ።

«ገንዘቡ የእርስዎ ካልነበረ ለምን የኔ ነው አሉ?»

ጠበቃዋ ባጭሩ ይመልሱ ብላኝ ነበር። አጭር መልስ አልነበረኝም።

«የሰው ነው ብል ኖሮ ወደ እሷ ትደውሉ ነበር» አልኩ። «እሷ ያኔ ባሏን አልሸኘችም። የእሷ ስም ከሚነሳ የኔ ድጎማ ቢቀር ይሻለኛል ብዬ ነው። የሰው ገንዘብ እጄ ላይ እያለ ስለ ባለቤቱ አላወራም። ከዚያ ውስጥ ግን አንድ ዳቦ አልገዛሁበትም፤ ልጄ አጠገቤ አለች፣ ያን ወር ምን እንደበላን ጠይቋት።»

ልጄ ሳትጠየቅ «ሽሮ» አለች፣ በእንግሊዝኛው ችሎት ውስጥ በአማርኛ። አስተርጓሚው እሱንም ተረጎመው።

ከዚያ ሚስትየዋ መሰከረች። ውሸቴን፣ ሳቋን፣ ጭረቶቹን ሁሉ ተናገረች፤ ምንም አላስቀረችም። የባሏን መሰረዝ ሳይቀር በራሷ አፍ ተናገረች፣ ድምፅዋ ሳይዋዥቅ። ያን ስሰማ እጇን ያዝኩ። አሥር ዓመት የሸፈንኩላትን ነገር እኔን ለማዳን ብላ ራሷ ገለጠችው።

ውሳኔው ከወር በኋላ በፖስታ መጣ። ልጄ ፖስታውን ቀድዳ ቆማ አነበበች፣ ሁለተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ ጮክ ብላ ደገመችው፣ ከዚያ በራሷ አማርኛ ነገረችኝ።

«ገንዘቡ ያንቺ አይደለም ይላል። በፍጹም ያንቺ አልነበረም ይላል። ያ ቃልም ይሰረዝ ይላል።»

ሰው ግድግዳው ላይ የቤቱን ካርታ፣ የልጁን ዲግሪ፣ የዜግነት ወረቀቱን ይሰቅላል፤ ይሄ የኔ ነው ሊል። እኔ ሁለተኛውን ገጽ ክፈፍ አስገብቼ ሳሎን ሰቀልኩት። መንግሥት ማኅተም አድርጎ የኔ አይደለም ያለልኝ ገንዘብ ነው። ቤቴ ለሚመጣ ሰው ሁሉ አነብለታለሁ፣ እንግሊዝኛዬ እስከዚያ ይበቃል። ዕዳ ሰብሳቢውም ፋይሉ መዘጋቱን ሊነግረኝ አንድ ጊዜ ደወለ። ጤና ይስጥህ አልኩት፤ ሥራ ቀይር ልለው ነበር፣ ተውኩት።

በዚያው ሰሞን እሑድ ሚስትየዋ ሰባ ዶላሯን ይዛ መጣች። ከዚያ ረቡዕ ወዲህ ሦስተኛ ክፍያዋ ነው። ቀደም ብዬ ሰብሳቢውን አማክሬ ነበርና የቀረውን ቅሬው ይቅር ብሎሻል ልላት አፌን ከፈትኩ።

«እንዳትናገሪው» አለችኝ፣ ገና ቃል ሳላወጣ። «አንቺ ግማሹን ክፈይ ሲሉሽ እሺ አልሽ?»

 ገንዘቡን ቆጥሬ ተቀበልኳት። ደብተሩ ላይ የተዝካር የሚለውን ሰርዤ ስሟን ልጽፍ ብዬ ነበር፤ እሱንም ተይው አለችኝ፣ ተውኩት። ሃያ አምስት ወር ይቀራታል። ቦርሳውም ያው እኔ ጋ ነው፤ እስክትጨርስ ለሌላ ሰው አልሰጥም።